«ሠሩ» ወይስ «ገጣጠሙ»?

ለዜና አጻጻፍ ኮርስ መለማመጃ የመረጥኩት ጉዳይ እ.ኤ.አ. የ2019 ነው፤ ሃያ ደቡብ አፍሪካውያን ወጣቶች አውሮፕላን ሠርተው ከኬፕታውን እስከ ካይሮ አበረሩ የሚል። ርዕሴን ለክፍል ጓደኛዬ ባሳየው «ሠሩ ነው ያልሽው? ገጣጠሙ በይ እንጂ!» አለኝ። ተናደድኩ። ሳጣራው ግን ክርክሩ የቃል ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ።

አውሮፕላኑ «ስሊንግ 4» የሚባል ባለ አራት መቀመጫ ሲሆን በኪት መልክም ይሸጣል። ኪት ማለት ፋብሪካው አዘጋጅቶ ከመመሪያ ጋር የሚያቀርባቸው ክፍሎች ናቸው። እንግዲህ አቶ አስመላሽ ዘፈሩ እ.ኤ.አ. በ2015 እዚሁ አገራችን በቮልስዋገን ሞተር እንደሞከሩት ሁሉን ከባዶ መጀመር የለም። ይቀላል አይደል? ታዲያ የስሊንግ 4 ሥራ 3,000 ሰዓት ያህል ይፈጃል ተብሏል። አንድ ሰው በሳምንት 15 ሰዓት ቢሠራ አራት ዓመት ገደማ ይወስድበታል። ሃያው ልጆች ግን በሦስት ሳምንት ጨረሱት።

ጓደኛ የሚያስፈልገው ጊዜ ለማሳጠር ብቻ ግን አይደለም። ቫንስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚያመርተውን አርቪ-7 የመሰሉ ኪቶች ቆርቆሯቸው የሚያያዘው በሪቬት ነው። አንዱ ከውጭ ሆኖ በአየር በሚሠራ መዶሻ የሪቬቱን ራስ ይመታል፤ ሌላው እጁን ክንፉ ውስጥ ከትቶ ጭራው ላይ ድፍን ብረት ደግፎ ይይዛል። ጭራው በብረቱ ተጨፍልቆ ሁለቱን ቆርቆሮ አጥብቆ ይይዛል። ብዙ ጊዜ አይተያዩም፤ «ምታ!» «በቃ!» እየተባባሉ ነው የሚሠሩት። ብረት የያዘው ሰው እጁ ትንሽ ከተዛነፈ ሪቬቱ ይጣመማል፤ ተሰርስሮ ይወጣና እንደገና ይጀመራል። (ስሊንግ በአብዛኛው አንድ ሰው ብቻውን በሚስበው ሪቬት ስለሚያያዝ በዚህ በኩል ይሻላል።)

«ማን ሠራው?» ለሚለው ጥያቄ የአሜሪካ ሕግ መልስ አለው። አብዛኛውን ሥራ፣ በተለምዶ 51 በመቶ የሚባለውን፣ አማተሮች ለመማር ወይም ለመዝናናት ብለው ከሠሩት በግል እንደተሠራ አውሮፕላን ይመዘገባል። በነፃ ያገዘ ጓደኛ ሥራ ይቆጠራል፤ ተከፍሎት የመጣ ባለሙያ የሠራው ግን አይቆጠርም። ሞተሩንም ራስህ ካልፈበረክህ የሚል የለም። ሕጉ የደቡብ አፍሪካ አይደለም፤ እኔ ግን ለመለኪያነት ወደድኩት።

በልጆቹ አውሮፕላን ላይ ሞተሩንና የበረራ መሣሪያዎቹን የገጠሙት ባለሙያዎች ናቸው። ይህን መጨረሻው አንቀጽ ላይ ቀብሬው ነበር። እንደኔ ጥፋቴ እሱ ነው እንጂ «ሠሩ» ማለቴ አይደለም።

የጣልኩት ሌላም ነገር ነበር፤ ያውም የእኛው ከተማ ጉዳይ። ልጆቹ አዲስ አበባ ሲያርፉ ለአውሮፕላናቸው የሚሆን ቤንዚን አጡ። ትልልቆቹ ጄቶች የሚጠቀሙት ነዳጅ የኬሮሲን ዓይነት ስለሆነ ለዚህ ሞተር አይሆንም። የሱዳን መንገድ ደግሞ በወቅቱ ሁከት አስቸጋሪ ሆኖባቸው ነበር። የሆነ ሆኖ ካይሮ ደርሰዋል።

ርዕሱን «ሃያ ወጣቶች በባለሙያ እገዛ የሠሩት አውሮፕላን ካይሮ ደረሰ» ብዬ አስተካከልኩት። ጓደኛዬ አሁን ደግሞ ረዘመ ይላል።