ያልበቀለው ክራንቻ

(ድምፅ፦ የከባድ መኪና ሞተር፣ የባጃጅ ጥሩምባ፣ የመንገድ ዳር ሁካታ)

ተራኪ፦ ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ የሚወስደው አስፋልት ሐርቡን መሀል ለመሀል ሰንጥቋት ያልፋል። ደሴ ላይ ጋቢ የሚያስደርበው የጦሳ ተራራ ብርድ እዚህ የለም። የካሉ ወረዳዋ ሐርቡ ሞቃት ናት። ሙቀቱ ሲበረታ፣ ውሃ ሲያጥርና ዝንብ ሲበዛ ሕፃናትን ተቅማጥ ይይዛቸዋል።

የዛሬው ፕሮግራማችን ስለ ልጆች ጥርስ ነው። ከተቅማጥ የጀመርነው ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህም ሆነ በብዙው የአገራችን ክፍል፣ ብዙ ልጅ የመጀመሪያውን የጥርስ «ሕክምና» የሚያገኘው ገና ጥርስ ሳያበቅል፣ ተቅማጥ የያዘው ዕለት ነው።

ልጁ ስድስት ወይ ሰባት ወር ሆኖታል። ትናንት አስመለሰው፤ ሌሊቱን ሲያስቀምጠው አደረ፤ ጡት አልይዝም አለ። ቡና ላይ የተሰበሰቡት ጎረቤቶች ተራ በተራ አፉን ከፍተው ድዱን ይዳስሳሉ። ከፊት ለፊቱ ግራና ቀኝ፣ አበጥ ብሎ ነጣ ያለ ነገር ይታያል።

«ግግ ነው። ቶሎ አስወጪለት ልጄ» ይላሉ በዕድሜ ትልቋ።

(ድምፅ፦ የሕፃን ለቅሶ፤ ቀስ በቀስ ይጠፋል)

ተራኪ፦ ግግ የሚያወጡት ሰዎች መሣሪያቸው የተሳለ ሚስማር፣ የብስክሌት ጎማ ሽቦ፣ መርፌ ወይም ምላጭ ነው። አንዳንዴም የገዛ ጥፍራቸው። አንዷ የልጁን ጭንቅላት ትይዛለች፣ ሌላዋ እጁን። ድዱ ይቀደድና ወደ ውስጥ ይቆፈራል። ከደሙ መሀል ነጭ፣ ለስላሳ ነገር ተፈልቅቆ መዳፍ ላይ ይወጣል። «ይኸው፣ ልጅሽን ሲበላው የነበረው ትል» ተብሎ ለእናትየው ይታያል። እናት ታያለች፤ ታምናለች። በዓይኗ ያየችውን እንዴት አትመን?

መዳፍ ላይ ያለው ግን የልጇ የወተት ክራንቻ ነው፤ ገና ያልጠነከረ ጥርስ። ጊዜው ቢጠበቅ ኖሮ ከ16 እስከ 22 ወር ባለው ዕድሜ ድዱን ገፍቶ ይወጣ ነበር። እብጠቱም ነጣ ማለቱም ጥርሱ ከድድ ሥር እያደገ መሆኑን እንጂ በሽታን አያሳይም። ጤነኛ ሕፃን ሁሉ አለው። ጎረቤት ድዱን የሚዳስሰው ልጅ ሲታመም ብቻ ስለሆነ፣ የታመመ ልጅ ብቻ ያለው ይመስላል።

ተቅማጡስ ለምን በዚያው ሰሞን ይመጣል? በስድስት ወር ልጅ ከጡት ሌላ ምግብ ይጀምራል። ይድሃል፤ ከመሬት ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የመጣው የመከላከል አቅምም በእነዚሁ ወራት እየሳሳ ይሄዳል። አብዛኛው የሕፃናት ተቅማጥ ደግሞ በጥቂት ቀናት በራሱ ይቆማል። ግጉ በወጣ በሦስተኛው ቀን ልጁ ሲሻለው ምስጋናው የሚሄደው ለሚስማሩ ነው። ያልተሻለው ልጅ ሲሞት ግን «ዘግይተው ነው ያመጡት» ይባላል። ልማዱ ይህን ያህል ዘመን የቆየው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። ልጁ ቢድንም ቢሞትም ሚስማሩ አይከሰስም።

ጉዳቱ በሁለት ጊዜ ይመጣል። ፈጥኖ የሚመጣው መድማት፣ ቁስሉ መመርቀዝ፣ ቴታነስ፣ ወደ ደም የሚገባ ኢንፌክሽንም ነው። ፈሳሽ አልቆበት የደከመ ሕፃን ላይ ይህ ሲጨመር ነፍስ ያሳጣል። ሁለተኛው ጉዳት ከዓመታት በኋላ ይገለጣል። ከወተቱ ክራንቻ ሥር፣ በዚያው ዕድሜ፣ ቋሚው ክራንቻ መሠራት ጀምሯል። ሚስማሩ እሱንም ሊያገኘው ይችላል። ልጁ 11 ወይም 12 ዓመት ሲሞላው ክራንቻው ተጣሞ ይበቅላል፣ ተሸራርፎ ይወጣል ወይም ጨርሶ ይቀራል።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰለሞን ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሲሻገሩ፣ የዚያ አገር የጥርስ ሐኪሞች ክራንቻ የሌላቸው ኢትዮጵያውያን ልጆች ገጠሟቸው። ነገሩን አጥንተው በሕክምና መጽሔት አሳትመዋል። ሱዳን፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያም ይህንኑ ልማድ በየራሳቸው ስም ያውቁታል።

(ሙዚቃ፤ ለአጭር ጊዜ)

ተራኪ፦ በአገራችን ሕጉ አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ በአንቀጽ 561፣ እንጥል በመቁረጥ ወይም የወተት ጥርስ በማውጣት ለሕፃን ሞት ምክንያት የሆነን ሰው ያስቀጣል። ነገር ግን አያት የልጅ ልጇን ይዛ የሄደችው ልታድነው ነው። እሷን ማስፈራራት ልማዱን ከጓዳ ወደ ባሰ ጓዳ ይወስደዋል። የሚያስፈልጋት የልጁን ተቅማጥ የሚያቆም ሌላ በር ነው፤ ያም በር ቅርብ መሆን አለበት። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የደሴ ሆስፒታል ተዘርፏል። ሐኪም ቤት ባዶ ሲሆን ሰው ወደሚያውቀው ይመለሳል።

ቅርቡ በር የቀበሌው ጤና ኬላ ነው። አንድ ፓኬት ኦ አር ኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ ልጁ በትንሽ በትንሹ ይጠጣል። ጡት አይቋረጥበትም። ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጠዋል፤ ተቅማጡ ቢቆምም አይተውም። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ደም ካስቀመጠው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የሮታ ቫይረስ ክትባትም ከከባዱ ተቅማጥ ይከላከላል።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። ሕፃኑ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ይከተባል፤ በ9 ወሩ ለኩፍኝ ይመጣል። ይመዘናል፣ ክንዱ ይለካል። በ14 ሳምንቱ ድዱን ለእናቱ አሳይቶ «ይህ ጥርስ ነው፤ ማንም እንዳይነካው» ለማለት ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ጎረቤት ሳትቀድም እናት ይህን ከባለሙያ አፍ ብትሰማ፣ ቡና ላይ የምትመልሰው አላት።

ጥርሱ ከወጣ በኋላም ጠባቂ ይፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም 514 ሚሊዮን ያህል ልጆች የተቦረቦረ የወተት ጥርስ አላቸው። ልጅ የመጀመሪያ ጥርሱ እንደወጣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ የሩዝ ፍሬ በምታህል ፍሎራይድ ያለባት የጥርስ ሳሙና ይቦረሽለት። ከፍ ላለው ልጅ የወይራው፣ የክትክታውና የልምጩ መፋቂያም ጥርስ ያጸዳል፤ በመንጋጋ ጥርሶቹ ላይ ግን ጊዜ ወስዶ መፋቅ ይጠይቃል።

ከሁሉም በላይ የምትረሳ አንዲት ጥርስ አለች። ልጅ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወተት ጥርሶቹ ኋላ ትበቅላለች። ለእሷ ቦታ የሚለቅ የሚወልቅ ጥርስ ስለሌለ ወላጅ የወተት ጥርስ ትመስለዋለች። ስትቦረቦር «ተዉት፣ ይወልቃል» ይባላል። ቋሚ ጥርስ ናት፤ ብትነቀል ምትክ የላትም። ቀዳዳው ትንሽ ሳለ የጥርስ ሐኪም አጽድቶ ይሞላዋል። ነርቭ ጋ ከደረሰ ሕክምናው ረጅምና ውድ ነው፤ ከገጠር የመጣ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠውም መንቀልን ነው። በመስከረም አንደኛ ክፍል የሚመዘገቡ ልጆች ይህችን ጥርስ ገና እያበቀሉ ነው። ከረሜላና ለስላሳ መጠጥ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ይጠብቃቸዋል፤ ዓመታዊ የጥርስ ምርመራም እዚያው ግቢ ውስጥ ሊጠብቃቸው ይገባል።