ሞቃት ባሕር ውስጥ ምን ይለበሳል?

ገንዘብ ተጠራቅሞ፣ ከሥራ ፈቃድ ተገኝቶ፣ የሃዋይ ወይም የካንኩን ትኬት ከተቆረጠ በኋላ በብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት አንድ ክርክር መነሣቱ አይቀርም። እናት "እኔ ሰው ፊት ራቁቴን አልሄድም" ትላለች። እዚሁ አሜሪካ ያደገችው ልጅ "ማሚ፣ እዚያ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለብሰው" ብላ ትመልሳለች። አባት በበኩሉ አሮጌ ካናቴራና ቁምጣ ሻንጣው ውስጥ ጣል አድርጎ ነገሩን የጨረሰ ይመስለዋል። ከሦስቱ ለእውነቱ የምትቀርበው እናት ናት። እርሷ የምታስበው ስለ ጨዋነት ቢሆንም፣ ባሕሩን በቅርብ የሚያውቁ ሰዎችም ሞቃት ውሃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲቆዩ ገላቸውን ሸፈን አድርገው ነው።

በተለይ ስኖርክሊንግ ለሚባለው መዝናኛ መሸፈኑ የግድ ነው ማለት ይቻላል። ስኖርክሊንግ ጠልቆ መዋኘት አይደለም። ዓይንንና አፍንጫን የሚሸፍን ማስክ አጥልቆ፣ በአፍ በሚያዝ ቱቦ እየተነፈሱ፣ በውሃው ላይ በደረት ተንሳፎ ከሥር ያለውን ዓሣና ኮራል መመልከት ነው። ሰውየው ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ሲደነቅ ጀርባው፣ ማጅራቱና ባቶቹ ለአንድ ሰዓት ያህል ለፀሐይ ተሰጥተው ይቆያሉ። የአለባበሱ ጉዳይ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

የለመዱት ባሕርና ሞቃቱ ባሕር

የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 "ሊትል ኢትዮጵያ" ብሎ ከሰየመው የፌርፋክስ ጎዳና ተነሥቶ ሳንታ ሞኒካ ባሕር ዳርቻ ለመድረስ አሥር ማይል ያህል መንዳት ይበቃል። ሆኖም እዚህ ብዙ ዓመት ኖረው ውሃው ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ያልነካቸው ጥቂት አይደሉም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ይቀዘቅዛል። በጃንዋሪ ከ60 ዲግሪ ፋራናይት በታች ይወርዳል፣ በኦገስትም 70 ቢደርስ ነው። በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘው ካታሊና ደሴት ላይ ዓሣ ለማየት የሚሄዱ ሰዎች ዌትሱት የሚባለውን ወፍራም የላስቲክ ልብስ የሚለብሱት ለዚህ ነው።

በሃዋይ ግን ውሃው እንደ ወሩ ከ75 እስከ 80 ዲግሪ ይሆናል። በሜክሲኮ የካሪቢያን ዳርቻ፣ በካንኩንና በኮዙሜል፣ ከዚያም ትንሽ ይበልጣል። ወደ አገር ቤት ሲሄዱ ጎራ የሚሉበት የጅቡቲ ባሕር ደግሞ ከሁሉም የሞቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ኤርትራ ነፃ አገር ከመሆኗ በፊት ምፅዋ ወርደው ጉርጉሱም ላይ የታጠቡ አዛውንቶች የቀይ ባሕርን ሙቀት ያስታውሱታል። ዛሬ ለአዲስ አበባ ሰው ቅርቡ ባሕር የጅቡቲ ነው። በዚያም ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ድረስ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዌል ሻርክ የሚባለው፣ በዓለም ላይ ካሉት ዓሦች ሁሉ ትልቁ፣ በስኖርክሊንግ ይታያል። ስሙ ሻርክ ቢሆንም የሚመገበው በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታትን ስለሆነ ሰው አይነካም።

ይሁን እንጂ "ሞቃት ነው" የሚለው ቃል ያታልላል። የሰው ገላ 98.6 ዲግሪ ሲሆን ውሃው 80 ነው። ውሃ ደግሞ ከአየር ይልቅ ሃያ አምስት ጊዜ ያህል ፈጥኖ የገላን ሙቀት ይወስዳል። ሲገቡ እንደ ገንዳ የሞቀ የመሰለው ባሕር፣ ሳይንቀሳቀሱ ተንሳፈው ሲቆዩ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። መጀመሪያ የሚበርዳቸው ሕፃናትና ቀጫጭን ሰዎች ናቸው። ለአጭር ጊዜ ስስ የላይክራ ልብስ ይበቃል። ለረጅም ጊዜ ለሚቆይ ወይም ቶሎ ለሚበርደው ግን አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ዌትሱት ተስማሚ ነው። ለካሊፎርኒያ ውሃ የተገዛው ወፍራሙ ዌትሱት በዚያ አያስፈልግም፤ ያሞቃል፣ እንቅስቃሴም ያከብዳል።

ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል

"እኛን ፀሐይ ምን ታደርገናለች?" የሚል አነጋገር በማኅበረሰቡ ዘንድ የተለመደ ነው። በቆዳ ውስጥ ያለው ሜላኒን የተወሰነ መከላከያ እንደሚሰጥ እውነት ነው። መከላከያው ግን ሙሉ አይደለም። ሃዋይ ከሎስ አንጀለስ ይልቅ ለምድር ወገብ ስለሚቀርብ ፀሐዩ ይበረታል። ከዚህም በላይ ውሃው ጀርባን እያቀዘቀዘ ስለሚያታልል መቃጠል የሚታወቀው ማታ፣ ትራስ ላይ ጋደም ሲሉ ነው። ቀይ መሆኑ በጥቁር ቆዳ ላይ ጎልቶ ባይታይም ያቃጥላል፣ ያሳክካል፣ ከጥቂት ቀን በኋላም ይላጣል። ሹሩባ የተሠራች ሴት ደግሞ በጉንጉኑ መካከል የተገለጠው የራስ ቆዳ እንዳይቃጠል መጠንቀቅ አለባት።

ለዚህ ሁሉ ዋናው መልስ ራሽ ጋርድ የሚባለው ልብስ ነው። ከላይክራና ከናይለን ወይም ከፖሊስተር የሚሠራ፣ ገላ ላይ ልክክ የሚል፣ እጀ ረጅም ሹራብ መሰል ነገር ነው። በቶሎ ይደርቃል፣ ውሃ ውስጥ አይከብድም። ሲገዙ ምልክቱ ላይ "ዩፒኤፍ 50" የሚል መፈለግ ይገባል። ትርጉሙ ልብሱ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር ከሃምሳ እጅ አንዱን ብቻ ያሳልፋል ማለት ነው። ከእርሱ ጋር እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ የዋና ታይት ከተለበሰ ባትና የጉልበት ጀርባም ይሸፈናሉ። ዋጋው ፌርፋክስ ላይ ሁለት ሰው በያይነት ከሚበላበት ሒሳብ ብዙም አይርቅም።

የአባት አሮጌ ካናቴራ ግን አያዋጣም። ጥጥ ውሃ ይመጥጣል፣ ይከብዳል፣ ክንድ ላይ እየተጠመጠመ መዋኘት ያስቸግራል። ነጭ ካናቴራ ሲርስ ደግሞ ጨረር የመከላከል አቅሙ ይቀንሳል። ጂንስ ቁምጣም እንዲሁ መልሕቅ እንደ መታጠቅ ነው።

ለቀለምም ማሰብ ያስፈልጋል። ሰማያዊና ነጭ ባሕር ውስጥ ይጠፋሉ። ብርቱካናማ ወይም ደማቅ አረንጓዴ የለበሰን ልጅ ወላጁም ላይፍ ጋርዱም ከሩቅ ይለዩታል፤ የሚያልፍ ጀልባም ያየዋል።

የሴቶች ጉዳይ

ገላቸውን ማሳየት የማይፈልጉ እናቶችና እኅቶች ባሕር ዳር ተቀምጠው የሌላውን ጫማና ቦርሳ ሲጠብቁ መዋል አይገባቸውም። ራሽ ጋርድና ታይት፣ ካስፈለገም ከላይ አጭር የዋና ቀሚስ ደርቦ መልበስ ዛሬ በየባሕር ዳርቻው የተለመደ ነው። ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ለሙስሊም እኅቶችም አሄዳ ዛኔቲ የተባለች ሊባኖሳዊት አውስትራሊያዊት እ.ኤ.አ. በ2004 በሲድኒ የነደፈችው ቡርኪኒ አለ፤ ፀጉርን ጭምር ይሸፍናል። የሚከለከለው የውሃ ልብስ ያልሆነ፣ ሰፊና ረጅም ሆኖ እግር ላይ የሚጠመጠም ነገር ነው። ነጠላና ሻሽ ዳር ላይ ይቆዩ።

ፀጉርን በተመለከተ፣ ከመግባት በፊት በንጹሕ ውሃ ማርጠብና ጥቂት ዘይት መቀባት ጨዉ እንዳያደርቀው ይረዳል። ለብዙ ፀጉር ወይም ለሹሩባ የተለመደው ጠባብ የዋና ቆብ አይበቃም። ሶል ካፕ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ለእንዲህ ያለ ፀጉር ሰፋ ያለ ቆብ ሠርቶ፣ ከቶክዮ ኦሊምፒክ በፊት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም አቀፉ የዋና ፌዴሬሽን ዘንድ ተቀባይነት አጥቶ ነበር። በ2022 ግን ተፈቀደ። ይህን የመሰለ ቆብ ዛሬ በቀላሉ ይገኛል።

የወርቅ ሐብል፣ ቀለበትና የጆሮ ጌጥ ሆቴል ይቀመጡ። ጣት ውሃ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ስለሚቀጥን ቀለበት ሳይታወቅ ይወልቃል፤ የሚያብለጨልጭ ነገርም ባራኩዳ የሚባለውን ጥርሳም ዓሣ ሊስብ ይችላል። ማተቡን የማያወልቅ ሰው ከራሽ ጋርዱ አንገት ሥር ሸጎጥ ቢያደርገው አያስቸግርም።

ቅባቱና ሕጉ

ልብስ የማይሸፍናቸው ፊት፣ ጆሮ፣ ማጅራትና የእጅ ጀርባ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ያስፈልጋቸዋል። በዚህ ረገድ ሕግ መኖሩን ማወቅ ይጠቅማል። የሃዋይ መንግሥት ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የተባሉት ኬሚካሎች ያሉባቸው ቅባቶች ኮራልን ይጎዳሉ በማለት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጡ ከልክሏል። የማዊ አውራጃ ደግሞ ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ከማዕድን ያልተሠራ ቅባት መሸጥም መቀባትም አግዷል። የተፈቀዱት ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለባቸው ናቸው። እነዚህ በጠይምና በጥቁር ፊት ላይ ዱቄት እንደ ተነፋበት ነጭ ሆነው ይቀራሉ። ቡናማ ቀለም የተቀላቀለባቸውን መምረጥ ይህን ያስቀራል። ብዙ ልብስ የለበሰ ሰው የሚያስፈልገው ቅባት ጥቂት ስለሆነ ለኪሱም ለባሕሩም ይበጃል።

መሸፈን ከጄሊፊሽም ያድናል። በኦዋሁ ደሴት ደቡባዊ ዳርቻዎች፣ በዋይኪኪና በሃናውማ ቤይ፣ ጨረቃ ሙሉ ከሆነች ከስምንት እስከ አሥር ቀን በኋላ ቦክስ ጄሊፊሽ የሚባለው ተናዳፊ ፍጥረት ወደ ዳር ይጠጋል። ጉዞው በእነዚያ ቀኖች ላይ ከዋለ ላይፍ ጋርዶችን ጠይቆ መግባት ይገባል።

እግርና ፊት

ኮራል ድንጋይ ቢመስልም ሕይወት ያለው እንስሳ ነው። የረገጠውን እግር ይቆርጣል፣ እርሱም ይሞታል። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በሕግ በሚጠበቀው በሃናውማ ቤይ ጎብኚ ከመግባቱ በፊት ይህን የሚያስረዳ ፊልም እንዲያይ ይደረጋል። ድንጋያማ ዳርቻ ላይ ለመግባትና ለመውጣት እንደ ኮንጎ ጫማ እግርን የሚይዝ የውሃ ጫማ ይረዳል። ለመዋኘት ግን ፊን የሚባለው ረጅም የእግር መቅዘፊያ ያስፈልጋል። ሳይጨመድድ መያዝ አለበት፤ ስስ ካልሲ ከውስጥ ቢደረግ ተረከዝ አይላጥም።

ማስክ ከመከራየት በፊት መሞከር ይገባል። ማሰሪያውን ሳያጠልቁ ፊት ላይ አድርጎ በአፍንጫ አየር መሳብ ነው፤ እጅ ሲለቀቅ ሳይወድቅ ከቆየ ልክ ነው። ፀጉር ከሥሩ ከገባ ወይም ሪዝ ከበዛ ውሃ ያስገባል። መነጽር የሚያደርጉ ሰዎች የዓይን ቁጥር ያለው ማስክ በብዙ ቦታ ማከራየት እንዳለ ቢያውቁ ጥሩ ነው። ፊትን በሙሉ የሚሸፍነው አዲሱ ማስክ ምቹ ቢመስልም በድንጋጤ ጊዜ እንደ ተራው ቱቦ ከአፍ ተፍቶ አይገላገሉትም፤ ለጀማሪ ተራው ይሻላል።

ከሁሉ በፊት የሚለበሰው

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። በሃዋይ ጎብኚዎች ከሚሰጥሙባቸው የባሕር መዝናኛዎች ቀዳሚው ስኖርክሊንግ ነው። ጸጥ ያለ ስለሚመስል ዋና የማይችለውም ሰው ይደፍረዋል። ከደጋ መጥቶ፣ በልጅነቱ ወንዝ ዳር ከመንቦጫረቅ ያላለፈ ሰው "ቱቦ ይዣለሁ" ብሎ መተማመን የለበትም። ቱቦው ውሃ ሲገባበት ደንግጦ ቆሜ ልተንፍስ ሲል መሬት አይገኝም።

ስለዚህ ዋና ለማይችል ሰው የመጀመሪያው ልብስ ላይፍ ጃኬት ነው። እዚህ ላይ መለየት የሚገባ ነገር አለ። በአፍ የሚነፋው ስስ የስኖርክል ቬስት ለሚዋኝ ሰው ማረፊያ እንጂ ነፍስ አድን አይደለም። ለማይዋኝ ሰውና ለሕፃን የአሜሪካ ኮስት ጋርድ ማረጋገጫ ያለበት፣ በልኩ የተገዛ፣ ማሰሪያው የጠበቀ ጃኬት ያስፈልጋል። በትከሻው ይዘው ወደ ላይ ሲስቡት ጆሮ ድረስ ከወጣ ሰፍቷል። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበትም ሰው ከጉዞው በፊት ሐኪሙን ቢያማክር መልካም ነው። ማንም ብቻውን አይግባ፤ ላይፍ ጋርድ ያለበት ቦታም ይመረጥ።

ከውሃ ሲወጡ እርጥቡን ልብስ አውልቆ ደረቅ መልበስ ያሻል፤ የጀልባ ላይ ነፋስ ከባሕሩ ይልቅ ይበርዳል። በላስቲክ ተጠቅልሎ ደረቅ የቆየ ጋቢ በዚያ ሰዓት ወዳጅ ነው። ልብሱ ማታ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ጥላ ላይ ከተሰጣ ለብዙ ጉዞ ያገለግላል።

ራሽ ጋርዱን፣ ታይቱን፣ ቆቡንና የልጆቹን ላይፍ ጃኬት ከዚህ ገዝቶ መሄድ ይመረጣል፤ ማስክና ፊን እዚያ ይከራያሉ። ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት አንድ ቅዳሜ ቤተሰቡ የተገዛውን ሁሉ ለብሶ ጥልቀት የሌለው የከተማው መዋኛ ገንዳ ውስጥ ቢሞክረው ይበጃል። የከተማው መዋኛዎችና ዋይኤምሲኤ ለአዋቂዎችም የዋና ትምህርት ስለሚሰጡ በዚያው መመዝገብ ይቻላል። የሚጠብና የሚሰፋ ከተገኘም ደረሰኙ ሳይጠፋ ሱቁ ተመልሶ መቀየር ነው።