እነሱ ተኝተው እኛ ወሰንን

«ተቃዋሚ አለ?» አሉ ሰብሳቢያችን። በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ የተደረደርነው አሥራ ስድስት ሰዎች ዝም አልን። «ድምፀ ተአቅቦስ?» አሁንም ጸጥታ። «እንግዲያው በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ተባለ፤ ጸሐፊውም ይህንኑ በቃለ ጉባኤው አሰፈረ። ጸሐፊው እኔ ነበርኩ።

ዕለቱ ባለፈው ዓመት ሐምሌ ወር ላይ አንድ ቅዳሜ ነው። በዋሽንግተን ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ጅዳና ሪያድ ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር። (ሰዓቱን ሁሉ በእኛው አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ምክንያቱን አንባቢ ወረድ ብሎ ያገኘዋል።) ማኅበራችን ወሎ ውስጥ ካለች አንዲት ትንሽ ከተማ የወጣን ሰዎች ያቋቋምነው ነው። አባላቱ በዋሽንግተንና አካባቢዋ፣ በስቶክሆልም፣ በጅዳ፣ በሪያድና በዱባይ አሉ፤ ጥቂቶች ሜልበርን ናቸው፤ የቀሩት እዚያው አገር ቤት። በዚያ ምሽት የጸደቀው ለትምህርት ቤቱ የግንብ አጥር እንዲሠራ ነው። ገንዘቡን በየወሩ ሳያቋርጡ ሲያዋጡ የኖሩት ግን ከእኛ ይልቅ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩት የሳዑዲ እኅቶቻችን ናቸው። እነሱ ለወራት ሲጠይቁ የነበረው ደግሞ ለጤና ጣቢያው ማዋለጃ ክፍል ጄኔሬተር ነበር። መብራት በጠፋበት ሌሊት በሞባይል መብራት የወለዱ እኅቶች ስላሏቸው ነው እንጂ ለጄኔሬተር የተለየ ፍቅር ኖሯቸው አይደለም።

ውሳኔውን የሰሙት ጠዋት በቴሌግራም ነው። አንደኛዋ የላከችልኝን የድምፅ መልእክት እስካሁን አላጠፋሁትም። «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ የሚለውን አብራኝ የምትሠራው ልጅ አነበበችልኝ። እኔ ተኝቼ ነበር። የኔ ድምፅ መቼ ሄዶ ነው ሙሉ የሆነው? ገንዘባችን ነቅቶ እኛ ብቻ ነን የተኛነው?» ካለች በኋላ ትንሽ ዝም ብላ «ወላሂ አልተቆጣሁም» አለች። መቆጣቷ ከድምጿ ያስታውቃል። በዚያ ወር ከጅዳ መዋጮ የላከ ሰው የለም።

ሰብሳቢያችን ተንኮለኛ ሰው አይደሉም። ስብሰባውን የጠሩት ለእሳቸው በሚመች ሰዓት ነው፤ ያ ሰዓት ለሌላው ምን እንደሚሆን የቆጠረ ሰው ግን አልነበረም። ዕድሜዬን ግማሽ የዜና ሰዓት ስቆጥር የኖርኩት እኔ እንኳ አልቆጠርኩም።

የማን ሰዓት?

ዓለም ሰዓቱን ከየት ይቁጠር የሚለው ጥያቄ የተወሰነው፣ አጋጣሚ ሆኖ፣ እዚሁ ዋሽንግተን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1884 የ25 አገሮች ልዑካን ተሰብስበው 22ቱ ለእንግሊዟ ግሪኒች ድምፅ ሰጡ። ሳንቶ ዶሚንጎ ተቃወመች፤ ፈረንሳይና ብራዚል ድምፅ ሳይሰጡ ቀሩ። ከአፍሪካ የነበረችው ላይቤሪያ ብቻ ናት። ያኔም ቢሆን የሌሉት ሰዎች ሰዓት በነበሩት ሰዎች ተወስኗል ማለት ነው።

የእኛ ነገር ደግሞ ከዚህም የባሰ ውስብስብ ነው። ቀኑን ከንጋት ስለምንቆጥር፣ «እሁድ 3 ሰዓት ስብሰባ አለ» የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ አገር ቤት ያለው ሰው ጠዋት ቁርሱን በልቶ ይጠብቃል፤ አሜሪካ የከረመው ከሰዓት በኋላ በፈረንጁ ሦስት ላይ ይከፍታል፤ ስቶክሆልም ያለው ደግሞ የማን 3 እንደሆነ ለመጠየቅ ስልክ ሲደውል ስብሰባው ያልቃል። በወሩም እንዲሁ ነው። «ሰኔ 5» ያልነው አንድ ስብሰባ ነበረን። ጸሐፊው ጁን 5 ማለቴ ነበር። አገር ቤት ያሉት በሰኔ 5፣ ማለትም በጁን 12፣ ኢንተርኔት ቤት ገብተው ከፍለው ጠበቁን። ሳምንት ሙሉ አልፎናል። ከዚያ ወዲህ በማስታወቂያችን ላይ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ካልተጻፈ፣ ሰዓቱም «ከጠዋቱ» ወይም «ከምሽቱ» ካልተባለ፣ ስብሰባ እንደተጠራ አይቆጠርም።

ሰዓቱ ራሱ የሚሸሽ መሆኑም ሌላ ጣጣ ነው። አሜሪካ በማርች ወር በሁለተኛው እሁድ ሰዓቷን ወደፊት ትገፋለች፤ አውሮፓ እስከ ወሩ የመጨረሻ እሁድ ትቆያለች። በመሃሉ ባሉት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት ከዋሽንግተን እስከ ስቶክሆልም ያለው የስድስት ሰዓት ልዩነት አምስት ይሆናል። ሜልበርን የተገላቢጦሽ ናት፤ እኛ ስንጨምር እሷ ትቀንሳለች። ሳዑዲ፣ ኤምሬቶችና ኢትዮጵያ ግን ዓመቱን ሙሉ ንቅንቅ አይሉም። ስለዚህ ስብሰባውን በማይንቀሳቀሰው አገር ሰዓት ማሰር ነው የሚበጀው፤ የሚንቀሳቀሰው ይከተል። አሁን ማስታወቂያችን የሚወጣው በአዲስ አበባ ሰዓት ነው። የጅዳና የሪያድ ሰዓትም ከአዲስ አበባው ጋር አንድ ነው።

ለዋሽንግተን ሰው አንድ ማቃለያ ልንገር፤ ሳገኘው እኔንም ገርሞኛል። አዲስ አበባ ያለ ሰው በእኛ አቆጣጠር የሚጠራው ቁጥርና የዋሽንግተን ሰው ስልኩ ላይ የሚያየው ቁጥር የሚለያዩት በአንድ ወይም በሁለት ብቻ ነው። «ከቀኑ 9 ሰዓት» ካሉህ፣ በፈረንጆች ሰመር ስልክህ ላይ ጠዋት 8፣ በዊንተር ጠዋት 7 ማለት ነው። ሰባትና ስምንት ሰዓት እየቀነሱ ጣት መቁጠር ቀረ።

ለሁሉም የሚመች ሰዓት ይገኛል ብለን ብዙ ደክመናል። አንድ ጊዜ በአዲስ አበባ ከቀኑ 11 ሰዓት አልን። በሰመር ለዋሽንግተን ከጠዋቱ 4፣ ለስቶክሆልም ከቀኑ 10፣ ለዱባይ ምሽት 12 ነው፤ ሜልበርን ብቻ እኩለ ሌሊት ላይ ትወድቃለች። በወረቀት ላይ ያማረ ነበር። እሁድ ቢሆን እዚህ ያሉት ክርስቲያኖች ቅዳሴ ላይ ናቸው። አርብ ቢሆን እኛ ሥራ ላይ ነን። ጅዳ ያሉት እኅቶች ደግሞ 11 ሰዓት ማለት የቤቱ እራት የሚጣድበት ሰዓት ነው፤ ስልክ ተይዞ የሚቆምበት አይደለም። የዕረፍት ቀን የተሰጣቸው ቢኖሩ በአብዛኛው አርብ ከጁምዓ በኋላ ነው። ጨርሶ የዕረፍት ቀን የሌላቸውም አሉ።

ስለዚህ ያንን አንድ ሰዓት መፈለግ ተውነው። አንድ ስብሰባ፣ ሁለት መቀመጫ አደረግነው። የመጀመሪያው አርብ ከቀኑ 9 ሰዓት በአዲስ አበባና በጅዳ፣ ለዋሽንግተን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ሁለተኛው እሁድ በዋሽንግተን ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ለጅዳ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። አጀንዳው አንድ ነው። የአርቡ ክርክር ተቀድቶ ለእሁዱ ይሰማል። ድምፅ በስብሰባው ላይ አይሰጥም፤ ሳጥኑ ከአርብ እስከ ሰኞ ማታ ክፍት ይሆናል። «ተቃዋሚ አለ?» ብሎ ዝምታን እንደ መስማማት መቁጠር በደንብ ተከልክሏል።

እኅቶቻችን በሰዓቱ መግባት ባይችሉ እንኳ ድምፃቸው ቀድሞ ይገባል። አጀንዳው ከሳምንት በፊት በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በድምፅም ይላካል፤ ማንበብ የማይችሉ አሉና። እነሱም ሌሊት ሥራ ጨርሰው በኢሞ ወይም በቴሌግራም ሁለት ሦስት ደቂቃ ተናግረው ይልካሉ። ይህ የሚሰማው በስብሰባው መጀመሪያ ነው። መጨረሻ ላይ ስናደርገው ሰው ሁሉ ልቡ ሄዷል፤ በነጻ የሚሰጠው ዙም ደግሞ በ40 ደቂቃ ስለሚዘጋ አንድ ጊዜ የአንዲቱ ቃል ገና ሳያልቅ ሁላችንንም አባሮናል።

ዕድሜው የደረሰ አንባቢ ፓልቶክን አይረሳም። በ2000ዎቹ ዓመታት ስንቱን ሌሊት የፖለቲካ ክፍል ውስጥ አንግተናል! ስድቡ ብዙ ነበር፤ አንድ ነገር ግን ከዛሬው ዙም ይሻል ነበር። ማይክ የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሌላው እጁን አውጥቶ ተራ ይጠብቃል፤ ተራውም በስም ተደርድሮ ለሁሉ ይታያል። ዛሬ ድምፁ የጎላው ይቀድማል፤ ኔትወርኩ የደከመው አገር ቤት ያለ ሰው አፉን ሲከፍት ሌላው ጨርሷል። እኛም ወደ ድሮው ተመልሰን የተራ ጠባቂ ሾመናል። የወሎ አበጋሮች ሽምግልና ሲቀመጡ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው አይጀምርም፤ ለልጆቻችን አዲስ የመሰላቸው ይህ ነገር ለአባቶቻችን ብርቅ አልነበረም።

የማን ቋንቋ?

የከተማችን ሰው አማርኛም ኦሮምኛም ይናገራል፤ ገበያ ላይ ሁለቱንም የማይሰማ የለም። ስብሰባ ላይ ግን የምንናገረው አማርኛ ብቻ ነበር፤ ይህም መቼ እንደተወሰነ የሚያውቅ ሰው የለም። ስቶክሆልምና እዚህ የተወለዱት ልጆች ደግሞ ከሁለቱም ጥቂት ነው የሚይዙት። «ልጆቻችን ይረከቡን» እያልን፣ አንድ ቃል በማይገባቸው ስብሰባ ላይ ሁለት ሰዓት እናስቀምጣቸው ነበር።

መጀመሪያ የሞከርነው እያንዳንዱን ንግግር ካለቀ በኋላ መተርጎም ነው። የአንድ ሰዓቱ ስብሰባ ሦስት ሰዓት ሆነ። ቀጥሎ ባለ ሁለት ስልክ ሆንን፤ ስብሰባው በኮምፒዩተር፣ ትርጉሙ በሌላ የስልክ ጥሪ በጆሮ ማዳመጫ። ገንዘብ ላለው ዙም ራሱ የትርጉም መስመር ይሰጣል፤ በነጻው አይገኝም።

ሥራው እንዴት ከባድ እንደሆነ ያወቅነው አንዲት ተማሪ ልጃችን አርባ ደቂቃ ብቻዋን ተርጉማ እያለቀሰች ከወጣች በኋላ ነው። ሙያው ያላቸው ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው በየግማሽ ሰዓቱ ገደማ ይቀያየራሉ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1945 የተከፈተው የኑረምበርግ ችሎት በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በሩሲያኛና በጀርመንኛ ሲካሄድ፣ ተናጋሪው ከፈጠነ ቢጫ መብራት ይበራበት ነበር፤ ቀይ ከበራ ቁም ማለት ነው። እኛ መብራቱ የለንም። አስተርጓሚዎቻችን ካሜራው ፊት ቢጫ ሻሽ ያውለበልባሉ፤ ቀይ ሻሽ የታየባቸው እስካሁን ሰብሳቢያችን ብቻ ናቸው።

ከሻሹ ይልቅ የረዳን ግን ሌላ ነው። በሦስት ስብሰባ አንድ ጊዜ ዋናው ቋንቋ ኦሮምኛ ይሆንና አማርኛ ብቻ የምንናገረው በጆሮ ማዳመጫ እንከታተላለን። በመጀመሪያው ቀን ቀልዱ ሲያልፈኝ፣ ሰው ሁሉ ስቆ ከጨረሰ በኋላ ብቻዬን ስስቅ፣ አንድ ሐሳብ ይዤ ተራዬ እስኪደርስ ነገሩ ሌላ ጉዳይ ላይ ሲሄድብኝ፣ እነዚያ ዝም ብለው ይቀመጡ የነበሩ ሽማግሌ ለምን ዝም እንደሚሉ ገባኝ። እኔ የሚያስቡት የሌላቸው መስሎኝ ነበር።

አገር ቤት ያሉትን ማስገባት የሁሉም ፈተና ነው። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ፣ በተራ ስልክ እየደወልን ቀፎውን ከኮምፒዩተሩ ድምፅ ማጉያ አጠገብ እናስቀምጥ ነበር። ጥራቱን አንባቢ ይገምተው። የጤና ጣቢያው ሠራተኛ የማዋለጃ ክፍሉን ሁኔታ የነገረን ግን በዚያ ቀፎ ነው።

የአጥሩ ጉዳይ በአዲሱ ሥርዓት እንደገና ቀረበ። አርብ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መኪናዬን ከመሥሪያ ቤቴ በር አቁሜ ስልኬን ከፈትኩ። ከጅዳ ዘጠኝ፣ ከሪያድ አራት ሰው ገብቷል። በአንዷ ጀርባ ሳሕን ሲታጠብ ይሰማል። ያቺ የድምፅ መልእክት የላከችልኝ እኅት ተራዋ ሲደርስ አራት ደቂቃ ተናገረች። ዱዓ አድርጋ ጀመረች፤ የእኅቷን የወሊድ ሌሊት ሰዓት በሰዓት ነገረችን፤ ስለ አጥሩ ክፉ ቃል አልተናገረችም። እኔ ሥራዬን በግማሽ ሰዓት አረፍዳለሁ ብዬ አለቃዬን አስፈቀድኩ።

ሰኞ ማታ ሳጥኑ ሲከፈት ጄኔሬተሩ በሰፊ ድምፅ አለፈ። ማክሰኞ ጠዋት ሰብሳቢያችን ደብዳቤ ጻፉልኝ። ዋናው ክርክር ያለቀው አርብ በሥራ ሰዓት እሳቸው በሌሉበት ነው፤ እሁድ የደረሳቸው ትርፉ ብቻ ስለሆነ ቅሬታቸው በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ ይላሉ። ይዤላቸዋለሁ። የሚቀጥለው ስብሰባ የመጀመሪያ መቀመጫ እሁድ፣ ሁለተኛው አርብ ነው።