የጣሪያ ፀሓይና የፈቃዱ ሥርዓት

በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት ቤት ያለው ሰው በጣሪያው ላይ ሶላር ፓነል ለማስተከል በቈረጠ ጊዜ፣ ከዕቃው ዋጋና ከሥራው ድካም ይልቅ የሚያስደንቀው፣ ዕቃው ጣሪያ ላይ ከመውጣቱ በፊት፣ ከወጣም በኋላ ገና አንድ አምፖል ሳያበራ፣ የሚጠየቀው የፈቃድ ብዛት ነው። ሠራተኞቹ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ሰሌዳዎቹን አስረው፣ ሽቦውን ዘርግተው፣ መሰላላቸውን ጭነው ይሄዳሉ፤ ወረቀቱ ግን ከእነርሱ አስቀድሞ ሳምንታት፣ ከእነርሱም በኋላ እንደገና ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ምክንያቱን ያልመረመረ ሰው ይህን ሁሉ የጸሐፊዎች ማንገላታት አድርጎ ይቈጥረዋል፤ ሐሜቱም ፈጽሞ ሐሰት አይደለምና ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ነገር ግን ፈቃዱ በአንድ ስም ይጠራ እንጂ አንድ ባለመሆኑ፣ ጠያቂዎቹም በሥልጣንና በዓላማ የተለያዩ በመሆናቸው፣ እያንዳንዱ የሚፈራውን ነገር ለይቶ ያወቀ ሰው የሥርዓቱን ምስጢር አወቀ ማለት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ጠያቂ የከተማው ወይም የካውንቲው የሕንፃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ እርሱም ጣሪያውንና ሽቦውን ለየብቻ ይመረምራል። አንድ ሰሌዳ 20 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ከታሰረበት ብረት ጋር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ሸክም 15 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ይህም ለደኅና ጣሪያ ከባድ የሚባል አይደለም። ከክብደቱ ይልቅ የሚያሰጋው በሰሌዳውና በጣሪያው መካከል ገብቶ ወደ ላይ የሚያነሣው ነፋስ ነው፤ ስለዚህም ለፈቃድ በሚቀርበው ሥዕል ላይ ብሎኖቹ በምን ያህል ርቀት እንደሚመቱ፣ የጣሪያውንም ልባስ አልፈው ከወራጁ እንጨት ጋር በትክክል እንደሚገናኙ መታየት አለበት። ሰሌዳው 25 ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲያገለግል የሚቀመጥ ዕቃ ስለሆነ፣ ጣሪያው በቅርብ ዓመታት መለወጡ የማይቀር ከሆነ አስቀድሞ መለወጡ ይሻላል።

ሽቦው ከጣሪያው ይልቅ የረቀቀ ነገር አለው። በቤቱ የብሬከር ሳጥን ውስጥ ኃይሉን ለየክፍሉ የሚያከፋፍል የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ዘንግ ይገኛል፤ ዘንጉም የተሠራው ኤሌክትሪክ ከአንድ ወገን ብቻ፣ ይኸውም ከመንገድ፣ እንደሚመጣ ታስቦ ነው። የፀሓዩ ኃይል ሲጨመር ሁለተኛ ምንጭ ስለሚገባበት፣ ዋናው ብሬከር ምንም ሳይሰማው ዘንጉ ከዓቅሙ በላይ ተሸክሞ ሊግል ይችላል። ስለዚህ ብሔራዊው የኤሌክትሪክ ደንብ በተለመደው አሠራር የሁለቱ ምንጮች ድምር ከዘንጉ ዓቅም 120 በመቶ እንዳያልፍ ይወስናል። ዘንጉ 200 አምፔር፣ ዋናው ብሬከርም 200 አምፔር ቢሆን፣ ለፀሓዩ ብሬከር የሚተርፈው 40 አምፔር ነው፤ ብሬከሩ ደግሞ ኢንቨርተሩ፣ ይኸውም የሰሌዳውን ኃይል ለቤት ወደሚሆን ኤሌክትሪክ የሚለውጠው መሣሪያ፣ ሳያቋርጥ ከሚሰጠው ፍሰት በሩብ እንዲበልጥ ስለሚገባ፣ በእውነት የሚፈሰው 32 አምፔር ይሆናል፤ ይህም በ240 ቮልት ሲባዛ 7.7 ኪሎ ዋት ያህል ነው። በአሮጌ ቤት የሚገኘው የ100 አምፔር ሳጥን ግን በዚሁ ሒሳብ ከ3.8 ኪሎ ዋት ብዙም አያስገባም። ሻጩ ሁሉም ነገር በዋጋው ውስጥ ነው ብሎ ካስፈረመ በኋላ፣ ሳጥኑ ካልተለወጠ አይሆንም ተብሎ ሌላ ሒሳብ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው።

እሳት አጥፊዎቹ የሚፈሩት ሌላ ነው። ከመንገድ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ በአንድ እጅ መዝጋት ይቻላል፤ ሰሌዳው ግን ፀሓይ እስካለች ድረስ ኃይል ማመንጨቱን አይተውም፤ ፀሓይንም የሚያጠፋ ማብሪያና ማጥፊያ የለም። በመስከረም 2013 በኒው ጀርዚ ግዛት በዴላንኮ ከተማ አንድ ትልቅ የምግብ መጋዘን ሲቃጠል፣ በጣሪያው ላይ ከ7,000 በላይ ሰሌዳዎች ስለነበሩ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ጣሪያውን ወጥተው ለመቅደድ ሳይደፍሩ ቀርተው ሕንፃው ወድሟል። የ2014ቱ የኤሌክትሪክ ደንብ በቤት ጣሪያ ላይ የሚተከል ሥርዓት ፈጥኖ የሚዘጋበት መሣሪያ እንዲኖረው አዘዘ፤ የ2017ቱም ደንብ ትእዛዙን አጥብቆ፣ በሰሌዳዎቹ መካከል ያለው የሽቦ ኃይል እንኳ በ30 ሴኮንድ ውስጥ ወደ 80 ቮልት እንዲወርድ ወሰነ። ከዚህም ጋር በጣሪያው ላይ 36 ኢንች ስፋት ያለው መተላለፊያ ለእሳት አጥፊዎቹ እንዲተው ስለሚያስፈልግ፣ ባለቤቱ ጣሪያውን ከዳር እስከ ዳር በሰሌዳ ልሙላው ቢል አይፈቀድለትም።

ቤቱ የባለቤቶች ማኅበር ባለበት ሰፈር ውስጥ ከሆነ ማኅበሩም ይጠይቃል፤ የእርሱም ጥያቄ ስለ መልክ ነው፤ ከመንገድ እንዳይታይ፣ ቀለሙ ጥቁር ይሁን፣ ወደ ጓሮው ይዙር የሚል። በዚህ ነገር የካሊፎርኒያ ሕግ ለባለቤቱ አድልቷል፤ እኔም ያደላው በሚገባ ነው እላለሁ። በ1978 የወጣው የፀሓይ መብት ሕግ ማኅበሮች ፈጽመው እንዳይከለክሉ አግዷል፤ በኋላም በ2014 በተሻሻለው መሠረት፣ ማኅበሩ የሚያዝዘው ለውጥ ዋጋውን ከ1,000 ዶላር በላይ የሚጨምር ወይም የሚገኘውን ኃይል ከ10 በመቶ በላይ የሚቀንስ ከሆነ ትእዛዙ አይጸናም፤ ማመልከቻው በደረሰው በ45 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያልመለሰ ማኅበርም እንደ ፈቀደ ይቈጠራል።

በዚያው በ1978 ሌላ ሕግ፣ የጎረቤት ዛፍ ሰሌዳን እንዳያጠላ የሚከለክል፣ ወጥቶ ነበር። ሰኒቬል በምትባል ከተማ የሚኖሩ ባልና ሚስት፣ ጎረቤታቸው ሰሌዳ ከመትከሉ በፊት የተከሏቸው የሬድውድ ዛፎች አድገው ጥላ ስለጣሉ በወንጀል ተከሰው ጥፋተኛ መባላቸውን ስንሰማ፣ ሕግ አውጪው ጥላና ብርሃን የሚሟገቱበትን ችሎት አስቦት እንደነበረ እንጠራጠራለን። በ2008 ሕጉ ተሻሽሎ፣ ከሰሌዳው ቀድሞ የተተከለ ዛፍ ከክስ ነፃ ሆነ።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ከአጥሩ ውስጥ ነው። ከአጥሩ ውጭ ያለው ግን የመብራት ኩባንያው መስመር ነው፤ መስመሩም የጋራ በመሆኑ ፈቃዱ ከሁሉ ይከብዳል፤ ባለቤቱም ከሁሉ አሳንሶ የሚያየው ይህንኑ ነው። በኢትዮጵያ ገጠር መስመር ካልደረሰበት ቤት ጣሪያ ላይ ተቀምጣ ማታ መብራት የምትሰጥ፣ ስልክም የምትሞላ ትንሽ ሶላር ከማንም መስመር ጋር ስለማትገናኝ ለባለቤቷ ብቻ ትሠራለች፤ በሎስ አንጀለስ ጣሪያ ላይ ያለው ሰሌዳ ግን ከቤቱ የተረፈውን ወደ መንገዱ ስለሚልክ የሰፈሩ ሁሉ ጉዳይ ነው። ማዕበል ምሰሶ ጥሎ መስመሩ ሲቋረጥ፣ የመስመር ሠራተኛው ሽቦው ሙት ነው ብሎ እጁን ይሰዳል፤ በዚያች ሰዓት ከአንድ ቤት 240 ቮልት ወደ ውጭ ቢፈስ፣ የሰፈሩ ትራንስፎርመር በተገላቢጦሽ ሠርቶ ወደ ብዙ ሺህ ቮልት ከፍ ያደርገዋል። ይህን ለመከላከል በ2003 የወጣው የመሐንዲሶች መስፈርት፣ መስመሩ በተቋረጠ ጊዜ ኢንቨርተሩ በ2 ሴኮንድ ውስጥ መላኩን እንዲያቆም ያስገድዳል። ፀሓይ ቀትር ላይ ሳለች ሰፈሩ ሲጨልም ሰሌዳ ያለው ቤት አብሮ መጨለሙም ከዚህ የተነሣ ነው፤ ባትሪና ቤቱን ከመስመሩ የሚለይ መሣሪያ ካልተጨመረ በቀር ነገሩ እንዲሁ ይኖራል፤ ሻጮችም ይህን አስቀድመው መናገር አይወዱም።

የከተማው ተቆጣጣሪ መጥቶ አይቶ ከፈረመ በኋላ፣ የፊርማው ወረቀት ለመብራት ኩባንያው ይላካል፤ ኩባንያውም ከመረመረ በኋላ ማብራት ይቻላል የሚል ፈቃድ ይሰጣል። ይህ እስኪደርስ ድረስ የተጠናቀቀው ሥራ ተዘግቶ መቀመጥ አለበት። ትዕግሥት አጥቶ ቀድሞ የሚያበራ ሰው ውሉን ከማፍረሱም በላይ ሊከስር ይችላል፤ ወደ ውጭ የሚወጣውን ለመቍጠር ገና ያልተሰናዳ ቆጣሪ አንዳንድ ጊዜ የተላከውን ኃይል እንደ ተበላ አድርጎ ይመዘግበዋልና፣ ባለቤቱ የሰጠውን መልሶ ይከፍልበታል።

የማመልከቻው ቀን ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል በ2023 ታይቷል። የግዛቱ የሕዝብ አገልግሎቶች ኮሚሽን በታኅሣሥ 2022 በሰጠው ውሳኔ፣ በእርሱ ቍጥጥር ሥር ባሉት ትልልቅ የግል ኩባንያዎች መስመር ላይ ወደ ውጭ የሚላከው ኃይል የሚከፈልበትን ዋጋ በሦስት አራተኛ ገደማ ቀነሰ፤ እስከ ሚያዝያ 14 ቀን 2023 ድረስ የተሟላ የግንኙነት ማመልከቻ ያስገቡት ግን በቀድሞው ውል ለ20 ዓመት እንዲቆዩ ተደረገ። አንድ ዓይነት ሰሌዳ ያላቸው ሁለት ጎረቤታሞች፣ አንደኛው ዓርብ ሌላው ሰኞ ስላመለከቱ ብቻ፣ ለሃያ ዓመት የተለያየ ሒሳብ ይከፍላሉ።

እነዚህን ወረቀቶች ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚያስፈጽመው ተቋራጩ ስለሆነ፣ ባለቤቱ ቢያንስ የተቋራጩን ፈቃድ መመርመር አለበት፤ በካሊፎርኒያ የተቋራጮች ፈቃድ ቦርድ ለሶላር ሥራ ሲ 46 የሚባል ልዩ ፈቃድ ይሰጣል፣ ሲ 10 የሚባለው የኤሌክትሪክ ፈቃድ ያለውም ይሠራል። በር አንኳኩቶ ለሚመጣ ሻጭ የፈረመ ሰው በ3 የሥራ ቀን ውስጥ፣ ዕድሜው 65 የሞላው ደግሞ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ውሉን ማፍረስ ይችላል። ለእኛ ወገኖች አንድ ነገር ልጨምር፤ የግዛቱ ሕግ በስፓኒሽ፣ በቻይንኛ፣ በታጋሎግ፣ በቬትናምኛ ወይም በኮሪያኛ ተነጋግሮ የሚያስፈርም ነጋዴ የውሉን ትርጕም በዚያው ቋንቋ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ አማርኛ ግን ከአምስቱ አንዱ አይደለም። ስለዚህ በአማርኛ በጣፈጠ ንግግር ተግባብቶ በእንግሊዝኛ ውል የሚፈርም ሽማግሌ፣ ልጁን ወይም የሚያምነውን ሰው አጠገቡ አስቀምጦ ያስነብብ።

አሁን ወደ ሐሜቱ እንመለስ። ከላይ የተዘረዘሩት ፍርሃቶች ሁሉ የሚገቡ ናቸው፤ ያልተገባው፣ ካሊፎርኒያ ብቻዋን 58 ካውንቲዎችና ከ480 በላይ ከተሞች ስላሏት፣ አንዱን ጥያቄ እያንዳንዱ በየራሱ ቅጽ፣ በየራሱ ልማድና በየራሱ ፍጥነት መጠየቁ ነው። በአሜሪካ ለቤት ፀሓይ ከሚወጣው ገንዘብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለሰሌዳውና ለመሣሪያው አይሄድም፤ ለማስታወቂያ፣ ለፈቃድ፣ ለምርመራ፣ ለጽሕፈትና ለትርፍ ይሄዳል፤ በአውስትራሊያ ግን ያው ሰሌዳ ከግማሽ ባነሰ ዋጋ ጣሪያ ላይ ይወጣል። የግዛቱ ሕግ አውጪዎችም ይህን ተረድተው በ2014 ባወጡት ሕግ ከ10 ኪሎ ዋት ለማይበልጥ ሥራ አንድ የተወሰነ የጥያቄ ዝርዝርና አንድ ምርመራ ብቻ እንዲበቃ አዘዙ፤ በ2022 ደግሞ ትልልቆቹ ከተሞች እስከ መስከረም 2023 መጨረሻ ድረስ ማመልከቻውን በኮምፒዩተር መርምሮ ወዲያው የሚፈቅድ ሥርዓት እንዲኖራቸው አስገደዱ። ለዚህ የሚያገለግለውን ሶላር አፕ ፕላስ የተባለ መሣሪያ የአሜሪካ ብሔራዊ የታዳሽ ኃይል ላቦራቶሪ አዘጋጅቶ በነፃ ለከተሞች ሰጥቷል። ለአንድ ቤት ከተማው የሚያስከፍለው የፈቃድ ዋጋም እስከ 15 ኪሎ ዋት ድረስ በ450 ዶላር ተገድቧል።

ጀርመኖች ከዚህም ርቀው ሄደዋል፤ ከ2024 ወዲህ በሰገነት ላይ ተሰቅሎ በግድግዳ ሶኬት የሚሰካ፣ እስከ 800 ዋት የሚሰጥ ትንሽ ሶላር በመንግሥት መዝገብ ከማስመዝገብ በቀር ሌላ ፈቃድ አይጠየቅበትም። በአሜሪካም የዩታ ግዛት በ2025 ባወጣው ሕግ እስከ 1,200 ዋት የሚደርስ ተሰኪ ሶላር ከመብራት ኩባንያ ጋር ውል ሳይገባ እንዲሠራ ፈቅዷል። ባለሙያዎቹ ግን ስለ ብሬከሩ ዘንግ ያነሡትን ጥያቄ ስለ ሶኬቱ ሽቦ ደግመው ያነሣሉ፤ ከግድግዳው በስተኋላ ያለው ቀጭን ሽቦ ከሁለት ወገን ሲመገብ የሚጠብቀው ብሬከር የሚያየው አንዱን ወገን ብቻ ነውና። ስለዚህ የዩታ ሕግ ባለቤቱን ከማመልከቻ ነፃ ቢያወጣውም፣ ዕቃው በታወቀ የፍተሻ ድርጅት ተመርምሮ የተመሰከረለት እንዲሆን ያዝዛል፤ ቀድሞ የከተማው ተቆጣጣሪ መሰላል ላይ ቆሞ ይጠይቀው ከነበረው አብዛኛውን አሁን መርማሪው በፋብሪካው ደጅ ይጠይቀዋል።