አመድ የያዘውን መቼ ይለቃል?

በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀውን የአዲስ አበባውን የረጲ ፋብሪካ ጨምሮ፣ ደረቅ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ተቋም ሁለት ዓይነት አመድ ይወጣዋል። አንደኛው ከምድጃው ሥር የሚዛቅ ሸካራ አመድ ነው፤ የጠርሙስ ስባሪና የቆርቆሮ ቁራጭ አይጠፋበትም። ሁለተኛው ከጭሱ ጋር ተነሥቶ ማጣሪያው ላይ የሚቀር የላመ በራሪ አመድ ነው። በመጠን ቢያንስም ይበልጥ ሊፈራ የሚገባው ይኸኛው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1977 ኬስ ኦሊ የተባለ ኬሚስትና ባልደረቦቹ ከኔዘርላንድ የቆሻሻ ማቃጠያዎች በተወሰደ በራሪ አመድ ውስጥ ዳይኦክሲን ማግኘታቸውን አሳወቁ። ዳይኦክሲን ካንሰር የሚያስከትል፣ ሰውነት ውስጥ ለዓመታት የሚቆይ መርዝ ነው። እሳቱ ከ850 ዲግሪ ሲያልፍ ይፈራርሳል። ጭሱ ቀዝቅዞ ከ400 እስከ 200 ዲግሪ ሲደርስ ግን አመዱ ላይ እንደ አዲስ ይሠራል። የሚያስፈልገው ሁሉ እዚያው አለ፦ ሳይቃጠል የቀረ ካርቦን፣ ከፕላስቲክና ከጨው የመጣ ክሎሪን፣ ሥራውን የሚያፋጥን መዳብ።

የተሠራው መርዝ ካርቦኑ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ፋብሪካዎችም ይህንኑ ጠባዩን ይጠቀሙበታል፤ የከሰል ብናኝ ጭሱ ውስጥ ሲረጭ ዳይኦክሲኑን ለቅሞ ከአመዱ ጋር ይጠራቀማል። አየሩ ጸዳ የምንለው መርዙ ወደ አመዱ ስለዞረ ነው።

ንጹሕ ውሃ ቢያልፍበት አመዱ የሚለቀው ዳይኦክሲን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቅቤ የነካው ነጠላም በውሃ ብቻ አይለቅም፤ ሳሙና ሲገባ ነው ነገሩ የሚለወጠው። የበሰበሰ ምግብና ቅጠል የሚያወጣው ቡናማ ፍሳሽ ውስጥ ያለው ሑሚክ አሲድም የሳሙናውን ሥራ ይሠራል፤ መርዙን አቅፎ ከውሃው ጋር ይወርዳል። ስለዚህ በራሪ አመድን ከወጥ ቤት ጥራጊ ጋር አንድ ጉድጓድ ውስጥ መድፋት ትልቅ ጥፋት ነው። በንጹሕ ውሃ ብቻ የተፈተነ አመድ «ምንም አይለቅም» ቢባልም አላምንም።

ስብ ደግሞ መርዙን ከአመዱ በመሳብ ከሑሚክ አሲዱም ይብሳል። እንግሊዝ ውስጥ፣ በኒውካስል ከተማ፣ ከባይከር ማቃጠያ የወጣ ወደ 2,000 ቶን የሚጠጋ አመድ እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1999 የጓሮ አትክልት ቦታዎችን መተላለፊያ ለማልበስ ውሏል። እዚያ የሚረቡት ዶሮዎች እየጫሩ ሲለቅሙ ኖሩ። በኋላ ሲመረመር ሥጋቸውና እንቁላላቸው ውስጥ ዳይኦክሲን ተገኘ፤ ሰዎቹም እንቁላሉን እንዳይበሉ ተነገራቸው። ውሃ ያላወጣውን የዶሮ አንጀት አወጣው።

ጀርመን በራሪ አመድን ሄርፋ ኖይሮዴ በተባለ የጨው ማዕድን ዋሻ ውስጥ ታስቀምጣለች። የዚያው አገር ኬሚስት ሀገንማየር በ1980ዎቹ ሌላ መንገድ አሳየ፦ አመዱ ኦክስጅን በሌለበት ከ300 እስከ 400 ዲግሪ ሲሞቅ፣ ዳይኦክሲኑን ያበጀው ያው መዳብ ክሎሪኑን ከላዩ ይገፍፈዋል። ጃፓን ዘዴውን ሥራ ላይ አውላዋለች። አመዱ ግን አየር ከማግኘቱ በፊት መቀዝቀዝ አለበት፤ አለዚያ መርዙ እንደገና ይፈጠራል።