ቺፑን የሚያናግሩ ሁለት ሽቦዎች

ቁራሌው ከየሰፈሩ የሚሰበስበው አሮጌ ዕቃ ብዙው ማረፊያው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው። ብረቱ ከብረት፣ ጀሪካኑ ከጀሪካን ሲለይ፣ ከተበላሸ ዩፒኤስ ወይም ከተሰበረ ማሽን የወጣ ቦርድም መሀል ይገኛል። ላዩ ላይ ያለው ጥቁር ቺፕ ብዙ ጊዜ ማይክሮኮንትሮለር ነው፤ ፕሮሰሰሩንም ሜሞሪውንም ፕሮግራሙንም በአንድ ገላ የያዘ ትንሽ ኮምፒውተር። ይሠራል ወይስ ተቃጥሏል? የተጻፈበት ስምስ የራሱ ነው? በዓይን አይታወቅም። ይህን የሚመልሰው ዲበገር ነው። ብዙዎች ፕሮግራም ጸሐፊው ስህተቱን የሚለቅምበት መሣሪያ ብቻ አድርገው ያዩታል፤ እንደኔ ግን መርካቶ ውስጥ ከሁሉ በፊት የገዢ መሣሪያ ነው።

ድሮ ይህን ሥራ የሚሠራው ኢሙሌተር የሚባል ትልቅና ውድ ሳጥን ነበር። ቺፑ ከሶኬቱ ተነቅሎ በቦታው የሳጥኑ ኬብል ይሰካል፤ ሳጥኑ የቺፑን ሥራ እየሠራ ውስጡን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1985 የተሰባሰቡ የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያዎች ያስጨነቃቸው ግን ሌላ ነገር ነበር፦ ቦርድ ላይ የተበየደው እግር ሁሉ በትክክል መያዙን እንዴት እንፈትሽ? መፍትሔያቸው ጄታግ ተባለ፤ በ1990 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። ቺፕ ሠሪዎች ለብየዳ ፍተሻ በተከፈተው በር የፕሮግራም ምርመራውንም አስገቡበት። መርማሪው ቺፑ ውስጥ ገባ፤ ውጭ የቀረው ከዩኤስቢ ጋር የሚያገናኝ አስተርጓሚ ብቻ ሆነ። የአርም ኮርቴክስ-ኤም ቺፖች ደግሞ ሽቦውን ወደ ሁለት አሳጠሩት፤ አንዱ ዳታ፣ አንዱ ክሎክ። ይህ አሠራር ኤስደብሊውዲ ይባላል።

ኤስቲኤም32ኤፍ103 የተባለውን ቺፕና ፍላሽ ዲስክ የሚያህለውን አስተርጓሚ፣ ኤስቲ-ሊንክን እንውሰድ። ግራውንድ ከግራውንድ ይገናኛል፤ ይህ ከተረሳ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ዳታው ፒኤ13፣ ክሎኩ ፒኤ14 ላይ ይገባል። ጥንቃቄ የሚያሻው አራተኛው ሽቦ፣ 3.3 ቮልቱ ነው። በኦርጅናሉ ኤስቲ-ሊንክ ይህ ፒን የቦርዱን ቮልቴጅ የሚለካ ሲሆን፣ በርካሾቹ ኮፒዎች ግን ኃይል ያወጣል። ስለዚህ ቦርዱ የራሱ ኃይል ካለው ኮፒው ላይ ይህን ሽቦ አይሰኩ። የኮፒዎቹ የፒን አሰላለፍም ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚለያይ፣ ከኢንተርኔት ያገኙትን ሥዕል ሳይሆን ቆርቆሮ ሽፋኑ ላይ የታተመውን ያንብቡ፤ እሱንም በመልቲሜትር ያረጋግጡ።

ኮምፒውተሩ ላይ ኦፕንኦሲዲ የተባለው ፕሮግራም ይበቃል። ነፃ ነው፤ የተጀመረውም ዶሚኒክ ራት የተባለ ጀርመናዊ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ2005 ገደማ ለመመረቂያው በሠራው ጽሑፍ ነው። ግንኙነቱ ሲሳካ ቺፑ መጀመሪያ የመታወቂያ ቁጥሩን ይሰጣል። የሻጭና የገዢ ክርክር የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው፦ ኦርጅናሉ ኤፍ103 በ1 የሚጀምር ቁጥር ሲሰጥ፣ ከቺፑ ኮፒዎች ብዙዎቹ በ2 የሚጀምር ይሰጣሉ፤ ኦፕንኦሲዲም ያልጠበቅሁት ቁጥር ነው ብሎ ያቆማል። ኮፒ ሁሉ አይሠራም ማለት ግን አይደለም፤ በኦርጅናል ዋጋ መግዛት አይገባም ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙን በፈለጉት መስመር ላይ ማስቆም፣ አንድ ተለዋዋጭ ቁጥር መቼ እንደተነካ መጠበቅ ይቻላል። ማስቆሚያዎቹ ግን የሚቆጠሩ ናቸው። ኮርቴክስ-ኤም3 ለዚህ ያለው 6 ብቻ ነው፤ ሰባተኛውን ሲያዙት እምቢ ቢል ዕቃው ተበላሸ ብለው አይደንግጡ።

አሮጌ ቦርድ ዝም ሲልም ወዲያው ሞቷል አይባልም። የቀድሞው ፕሮግራም ፒኤ13ንና ፒኤ14ን ለሌላ ሥራ አውሎአቸው ይሆናል፤ ወይም ቺፑን አስተኝቶታል። የሪሴት ፒኑንም አገናኝተው፣ ፕሮግራሙ ሥራ ሳይጀምር ቺፑን መያዝ ነው። ሌላው አጋጣሚ ቁልፍ ነው፦ ቁጥሩን ይሰጣል፣ ሜሞሪውን ግን አያስነብብም። ፋብሪካው ቆልፎታል። ቁልፉ ይነሳል፤ ሲነሳ ግን ውስጡ ያለው ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ዩፒኤሱን መልሶ ሊያስነሳ ያሰበ ሰው እዚህ ላይ እጁን ይሰብስብ። ቺፑን ለራሱ ሥራ የገዛው ግን ያጥፋው፤ ባዶ ቺፕ ነበር የፈለገው።