የቤት ኮምፒውተር ዐጻዌ ኆኅት እንዴት ይፈተናል?

በጦሳ ተራራ ሥር ካለችው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እየወረድሁ የሰው ኮምፒውተር ስጠግን ዘወትር የማስተውለው ነገር ቢኖር፣ የቤቱን ደጅ ማታ ማታ ተጠንቅቆ የሚዘጋ ሁሉ የኮምፒውተሩን ደጅ ሳይመረምር የሚያድር መሆኑ ነው።

ኮምፒውተር እስከ 65535 የሚቈጠሩ ፖርቶች፣ ማለትም የመገናኛ በሮች፣ አሉት፤ ፋየርዎልም የእነዚህ በሮች ዐጻዌ ኆኅት (በር ጠባቂ) ነው። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዓለምን ያወከው ዋናክራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም፣ ማይክሮሶፍት መድኃኒቱን በመጋቢት አውጥቶ ሳለ፣ ባልታደሱ ኮምፒውተሮች ላይ በ445ኛው በር ገባ።

ዊንዶውስ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የራሱን ነፃ ፋየርዎል ሥራ ላይ አውሎ ስለሚመጣ፣ ሌላ ከመጫናችሁ አስቀድሞ ያላችሁን ፈትኑ።

፩ኛ፦ የሚፈተነው ኮምፒውተር በገባበት ዋይፋይ ላይ ካለ ሌላ ኮምፒውተራችሁ ኤንማፕ በተባለው ነፃ መሣሪያ በሮቹን አስሱ። ከኢንተርኔት የሚደረግ ፍተሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚያንኳኳው የራውተሩን እንጂ የኮምፒውተሩን ደጅ አይደለምና፣ በእርሱ ብቻ አትመኑ።

፪ኛ፦ የዊንዶውስ ፋየርዎል ገቢውን ሲከለክል ወጪውን ግን በልማዱ ያሳልፋል፤ ስለዚህ አንድ ብራውዘር እንዳይወጣ ሕግ አውጡና መታገዱን አረጋግጡ።

፫ኛ፦ በሆቴልና በካፌ ዋይፋይ ስትገቡ ኔትወርኩን «ፐብሊክ» በሉት።

የሌላውን ሰው ደጅ ግን ያለ ፈቃዱ አታንኳኩ፤ ጥበብ ለዕቅበት እንጂ ለዐመፃ አልተሰጠችምና።